የጣና ፎቶና ሥዕል ለምን ጠፍጣፋ ይሆናል? ርቀትን በስልክና በሸራ ስለ ማሳየት

ደንገል ብሩሽ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ሁለት ነገር አስቸግሮኛልና የምታውቁ ብታስረዱኝ።

የመጀመሪያው ፎቶ ነው። ሐይቁ ዳር ቆሜ ወደ ዘጌ አቅጣጫ ሳነሣ በዓይኔ የማየው ስፋት ፎቶው ላይ የለም። ከታች ውሃ፣ መሃል ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር፣ ከላይ ሰማይ፤ ሦስት ቁራጭ ጨርቅ አንድ ላይ የተሰፋ ነው የሚመስለው። ታንኳዎቹም ነጥብ ሆነው ይቀራሉ። የማነሣው በስልክ ነው፤ ሦስት ሌንስ አለው። ካኖን ካሜራ ከ18–55 ሌንሱ ጋርም አገኛለሁ።

ሁለተኛው ሥዕል ነው። ይህንኑ እይታ በ50 በ70 ሸራ ላይ በአክሪሊክ እየሠራሁ ነው። የዘጌ ደን ሩቅ መሆኑ ቀርቶ ወደ ፊት ይወጣል፤ ነጭ ስጨምርበት ደግሞ ኖራ ኖራ ይላል። ታንኳዎቹም ውሃው ላይ አልተቀመጡም፤ ተለጥፈዋል።

«ሩቁን አደብዝዢው» የሚለውን ሁሉም ሰው ይላል፤ እሱ ብቻውን አልሠራም። ስለዚህ በቁጥር፣ በቀለም ቅይጥና በመቆሚያ ቦታ ብታስረዱኝ። ሰዓቱና ወሩም ለውጥ ካለው ንገሩኝ።

ባለ ትሪፖዱ፦

እኅቴ፣ እኔ ከፎቶው ልጀምር። ጥፋቱ የስልኩም የሌንሱም አይደለም። ጣና ሜዳ ነው፤ አንቺ ደግሞ ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆመሽ ከጎኑ ነው የምታዪው። ጠፍጣፋ ነገር ከጎኑ ሲታይ መስመር ይሆናል።

በቁጥር ላስቀምጠው። ዳርቻው ላይ ቆመሽ ስልኩን በዓይንሽ ልክ ስትይዢው ከውሃው ወለል 2 ሜትር ያህል ከፍ ይላል እንበል። በዋናው ሌንስ፣ በ12 ሜጋፒክስል፣ ስልኩን አግድም ይዘሽ ካነሣሽ የፎቶው ቁመት 3000 ፒክስል ነው። 10 ሜትር ላይ ያለው ውሃ ከአድማሱ 600 ፒክስል ያህል ዝቅ ብሎ ይወድቃል። 20 ሜትር ላይ ያለው 300 ይሆናል፤ 100 ሜትር ላይ ያለው 60፤ 500 ሜትር ላይ ያለው 12 ብቻ። እንግዲህ ከ100 ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ፣ ታንኳውም ፔሊካኑም ሞተር ጀልባውም የሚንሳፈፍበት ውሃ በሙሉ፣ ከ3000 ፒክስል ውስጥ 60ዋን ነው የሚያገኘው። በዓይንሽ ስታዪ ስፋቱ የሚሰማሽ ያንን ጠባብ ሰቅ ነጥለሽ፣ እያንቀሳቀስሽ፣ ደጋግመሽ ስለምትቃኚው ነው። ፎቶው ግን ለሁሉም እኩል ዳኛ ነው።

ከዚህ መውጫው ሁለት ነው።

አንዱ ከፍ ማለት ነው። ከፍታሽ 6 እጥፍ ሲያድግ መካከለኛው ውሃም 6 እጥፍ ይዘረጋል። ከውሃው 12 ሜትር ከፍ ካለ የሕንፃ ሰገነት ላይ ያ 60 ፒክስል 360 ይሆናል። ያኔ ታንኳዎቹ አንዱ ከአንዱ በላይ ይደረደራሉ፤ የትኛው እንደሚቀርብ፣ የትኛው እንደሚርቅ ይነበባል። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥተሽ ዓባይን ስታዪው ጥምዝምዙ የሚገለጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወንዙ ከታች ከዳርቻው ሲታይ ግን ቀጥ ያለ ሰቅ ነው።

ሌላው ዝቅ ማለት ነው። ይኸኛው የመጀመሪያውን የሚጻረር ይመስላል፤ ሥራው ግን የተለየ ነው። ስልኩን ከውሃው 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ብትይዢው 100 ሜትር ላይ ያለው ውሃ ወደ 12 ፒክስል ይወርዳል፤ ማለትም መካከለኛው ክፍል ጨርሶ ይጠፋል። በምትኩ 1 ሜትር ላይ ያለ የደንገል ሥር ወይም ድንጋይ ከአድማሱ 1200 ፒክስል ዝቅ ብሎ የፎቶውን ግማሽ ይይዛል። ስለዚህ ዝቅ የሚባለው ቅርብ ላይ የሚታይ ጠንካራ ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ባዶ ውሃ ላይ ዝቅ ካልሽ ያገኘሽው ባዶ ውሃ ነው። በቁመትሽ ልክ መቆም ግን ሁለቱንም ያሳጣሻል፤ ከዳርቻው የሚነሣው ፎቶ አብዛኛው ደግሞ ከዚያ ከፍታ ነው።

ስለ ሌንሱ፦ «ሰፊ ሌንስ ርቀት ያሳያል» ይባላል። ርቀቱን የሚያሳየው ሌንሱ ሳይሆን መቅረብሽ ነው። አንዱ ታንኳ 10 ሜትር፣ ሌላው 40 ሜትር ላይ ቢሆኑ ቅርቡ የሩቁን 4 እጥፍ ሆኖ ይታያል። 20 ሜትር ወደ ኋላ ብትሄጂ ርቀቱ 30ና 60 ይሆናል፤ ልዩነቱም ወደ 2 እጥፍ ይወርዳል። ቆመሽበት ዙም ብታደርጊ ግን ይህ ንጽጽር በፍጹም አይለወጥም፤ የተቆረጠው ክፍል ብቻ ነው የሚሰፋው። ሰፊው ሌንስ የሚጠቅምሽ ቀርበሽም ሁሉንም ስለሚያስገባልሽ ነው። ስልክሽ ላይ ያለው 0.5 ሌንስ ደግሞ ዘጌን በግማሽ ያሳንሰዋል። ስለዚህ እሱን ስትጠቀሚ ከደንገሉ ግማሽ ሜትር ያህል ካልቀረብሽ ሩቁ አንሶ፣ ቅርቡም ሳይገዝፍ ይቀራል።

ፎከስ፦ በካኖኑ 18 ላይ አድርጊው፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) ኤፍ 8፣ ፎከሱን 2 ሜትር ላይ። ከ1 ሜትር ጀምሮ እስከ ሩቁ ድረስ ጥርት ይላል። ኤፍ 11 ላይ ፎከሱን ወደ 1.5 ሜትር አምጪው፤ ከ75 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ ይይዝልሻል። ከኤፍ 16 በላይ አትሂጂ፣ ብርሃኑ በጠባቧ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ፎቶው በሙሉ ይለሰልሳል። ፎከሱን አድማሱ ላይ ማድረግ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ቅርቡ ደንገል ይደበዝዝና ፎቶው መግቢያ ያጣል። ኋላውን የሚያደበዝዘውን የፖርትሬት ሁነታም ለዚህ ሥራ ተዪው። የደንገል ራስ ክር ክር ስለሆነ ስልኩ የትኛው ክር የፊት፣ የትኛው የኋላ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል፤ ግማሹን ክር በልቶ ጫፉን ያጨማልቀዋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ የደንገሉ ራስ የሩቁን ዳርቻ አልፎ ሰማይ ውስጥ ይግባ፤ ወይም ከዳርቻው በግልጽ ዝቅ ይበል። ጫፉ አድማሱን ነክቶ ብቻ ከቆመ ዓይን ሁለቱን አንድ ላይ ያጣብቃቸዋል። የታንኳ አፍንጫም እንደዚሁ ነው። ለዚህ ጉልበትሽን 10 ሳንቲ ሜትር ማጠፍ ይበቃል።

ቀለም በጥባጭ፦

ባለ ትሪፖዱ ፎቶውን አስኬዶታል፤ እኔ ወደ ሸራው ልሂድ። ስሌቱ ግን ያው ነው።

ሸራሽ አግድም ከሆነ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። አድማሱን ከላይ 18 ሳንቲ ሜትር ላይ አስምሪ፤ ለውሃው 32 ይቀርሻል። የታችኛው ጠርዝ 5 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ውሃ ነው እንበል። ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ከአድማሱ ያለው ዝቅታ በግማሽ ይቀንሳል፦ 10 ሜትር ላይ 16 ሳንቲ ሜትር፣ 20 ሜትር ላይ 8፣ 40 ሜትር ላይ 4፣ 80 ሜትር ላይ 2፣ 160 ሜትር ላይ 1። እነዚህን መስመሮች ቀለም ከመንካትሽ በፊት በእርሳስ በስሱ አስምሪያቸው። «ሩቅ» የተባለው ታንኳ ብዙ ጊዜ ከአድማሱ 6 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይሣላል፤ ያ ቦታ ግን 27 ሜትር ገደማ ነው። በ27 ሜትር ላይ ያለ ሰው ደግሞ ነጥብ አይደለም፤ ልብሱ፣ መቅዘፊያው ሁሉ ይታያል። በቦታው ቅርብ፣ በመጠኑ ሩቅ የሆነ ታንኳ ነው የተለጠፈ የሚመስለው።

መጠኑን የምታገኚው እንዲህ ነው። ዓይንሽ ከውሃው 2 ሜትር ከፍ ካለ፣ የትም ቦታ ላይ ከውሃው እስከ አድማስ መስመር ያለው ቁመት 2 ሜትር ማለት ነው። ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው ራሱ ከውሃው 1 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሩቅም ይሁን ቅርብ ራሱ ከታንኳው እስከ አድማሱ ያለውን ግማሽ ነው የሚደርሰው። የ8ቱ መስመር ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ የ2ቱ መስመር ላይ 1 ሳንቲ ሜትር። 4 ሜትር የሚረዝም ታንኳ በጎኑ ሲታይ የዝቅታውን 2 እጥፍ ይረዝማል፤ የ4ቱ መስመር ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ይህን ጠብቀሽ ሦስት ታንኳ ብታስቀምጪ ምንም ጥላ ሳትጨምሪ ውሃው ወለል ሆኖ ይተኛልሻል።

አሁን ወደ ዘጌ ደን። «ሩቁ ይነጣል» የሚለው አባባል ነው ያሳሳተሽ። ሩቅ ነገር አይነጣም፤ ጥቁሩ ነው የሚጠፋው። በአንቺና በደኑ መካከል ያለው አየር ራሱ ብርሃን ተቀብሎ ወደ ዓይንሽ ይበትናል። ጥቁር ነገር የራሱ ብርሃን ስለሌለው ያ የአየር ብርሃን ያለብሰዋል፤ አየሩ የበለጠ የሚበትነው ሰማያዊውን ስለሆነም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ሩቅ ያለ ነጭ ነገር፣ ለምሳሌ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ተቃራኒው ይደርስበታል፤ ሰማያዊውን በመንገድ ላይ አጥቶ ትንሽ ቢጫ ቢጫ ይላል። ለዚህ ነው ሁሉንም በነጭ ማቅጠን የማያዋጣው።

ጥቁርን 0፣ ነጭን 10 ብለሽ ልኬት ያዢ። ቅርቡ ደንገል ከ2 እስከ 8 ይጫወት። መካከለኛው ከ4 እስከ 7። የዘጌ ደን ከ6 እስከ 7 ብቻ፤ ከዚያ ወጥቶ 5 የሚሆን አንዲት ጥቁር ግንድ እንኳ ካስቀመጥሽበት ደኑ በሙሉ ወደ ፊት ይመጣል። አድማሱ አጠገብ ያለው ሰማይ 8 ተኩል ገደማ ይሁን።

ቅይጡ፦ መጀመሪያ የአድማሱን ሰማይ በብዛት በጥብጪ። ቲታኒየም ነጭ 10 እጅ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ 1 እጅ፣ የሎው ኦከር ግማሽ እጅ። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪው፤ ሥራው እስኪያልቅ ያስፈልግሻል። ቀጥሎ የደኑን ጥቁር፦ አልትራማሪን 2፣ በርንት ሳይና 1፣ የሎው ኦከር 2። ቅርብ ላለው ይህንኑ እንዳለ፣ ለመካከለኛው 2 እጅ ደን በ1 እጅ ሰማይ፣ ለዘጌ 1 እጅ ደን በ3 እጅ ሰማይ። መጠኑ እንደ ቀለሙ ዓይነት ይለያያል፤ መርሁ ግን ሩቁን የምታቀጥኚው በነጭ ሳይሆን በሰማዩ መሆኑ ነው። ኖራ ኖራ ያለብሽ ነጩ ቀለሙን ያፈዝዘዋል እንጂ ወደ አየሩ ስለማይወስደው ነው። ሰማያዊውን ከቱቦው እንዳለ ብትጨምሪም ደማቅ ይሆንና ወደ ፊት ይዘላል።

አክሪሊክ ሲደርቅ በትንሹ ይጠቁራል፣ እርጥብ እያለ ወተት የሚመስለው ማጣበቂያው ሲደርቅ ስለሚጠራ። ስለዚህ ቅይጡን ግማሽ ደረጃ ያህል አብሪው፤ በቁራጭ ሸራ ላይ ቀብተሽ በፀጉር ማድረቂያ አድርቀሽ ከጎኑ ይዘሽ አመሳክሪ።

የተሠራውን ደን ማጥፋት አያስፈልግሽም። ከሰማዩ ቅይጥ 1 እጅ በ8 እጅ ግሌዚንግ ሚዲየም (አክሪሊክን የሚያሳሳ ግልጽ ማቅጠኛ) በጥብጠሽ በሰፊ ለስላሳ ብሩሽ ደኑ ላይ ብቻ ሥሥ አድርገሽ አልብሺው። ይድረቅ፣ ድገሚ። ሁለት ሦስት ንብር ላይ ደኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። በሚዲየም ፈንታ ውሃ ብታበዢ ቀለሙ ሸራውን የመያዝ አቅሙ ይደክማል። ደኑ ውሃውን የሚነካበትን መስመር ደግሞ እርጥብ እያለ በደረቅ ብሩሽ ጠርዙን ጥረጊው፤ በሥዕሉ ውስጥ ስለት ያለው ጠርዝ ለቅርቡ ደንገል ብቻ ይቀመጥ።

ውሃውን በአንድ ቀለም አትሙዪው። እግርሽ ሥር ያለውን ቁልቁል ስለምታዪው ከላዩ የሚመለሰው ብርሃን 2 ከመቶ ያህል ነው፤ የምታዪው የውሃውን የራሱን ቀለም ነው። ሩቅ ላይ ግን እይታሽ ውሃውን በአግድም ዳሰስ አድርጎ ስለሚያልፍ ሰማዩን መስታወት ሆኖ ይመልሳል። ስለዚህ ከታች ቡናማና አረንጓዴ ቅልቅል፣ በክረምት ደለል ሲገባ ደግሞ ይበልጥ ቡናማ፤ ወደ ላይ ሲሄድ ቀስ በቀስ የሰማዩን ቅይጥ ይምሰል። የማዕበሉን ሰረዝ በእርሳሱ መስመር ልክ አቀራርቢው፤ እስከ አድማስ ድረስ እኩል መጠን ያለው ሰረዝ ውሃውን ግድግዳ አድርጎ ያቆመዋል።

ለማረጋገጥ ሥዕሉን በስልክ አንሥተሽ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሪው። ያለ ቀለም ርቀቱ ካልታየ ቀለሙ አያድነውም።

ጀምበር ጠባቂ፦

ሁለቱም ጥሩ ብለዋል፤ የብርሃኑ አቅጣጫ ግን አልተነሣም፤ ወደ ዘጌ ለሚነሣ ፎቶ ደግሞ ዋናው እሱ ነው።

ከከተማው ዳርቻ ወደ ዘጌ ስታዪ ፊትሽ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። በታኅሣሥ ጠዋት ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትወጣ ከጀርባሽ ናት ማለት ይቻላል። የእያንዳንዱ ነገር ጥላ ከራሱ ኋላ ተደብቋል፤ ዛፉም ታንኳውም ክብነቱን ያጣል። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማም በዚያ ወቅት ፀሐይ በደቡብ በኩል፣ አሁንም ከኋላሽ ናት። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ዘጌን የምታነሺው ከ10 ሰዓት በኋላ ነው፤ ብርሃኑ ከግራ ጎን ይመጣል፣ የታንኳው አንድ ወገን ይበራል፣ ሌላው ይጠቁራል። በመስከረምና በጥቅምት የማታዋ ፀሐይ ከፊትሽ በግራ ወገን ትሆናለች፤ ለእኔ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው፣ የደንገሉ ክር በዙሪያው የብርሃን ጠርዝ ያወጣልና። በሰኔና በሐምሌ ደግሞ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በአቅጣጫው ከሞላ ጎደል ዘጌ ላይ ናት፤ ሁሉም ነገር ጥቁር ቅርጽ ብቻ ይሆናል። ደመናው ከፈቀደ እሱም ያምራል፣ ግን ሌላ ዓይነት ፎቶ ነው። ለጠዋት ሥራ ወይ ዘጌ ተሻግረሽ ወደ ምሥራቅ ተመልከቺ፣ ወይ ከከተማው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዙሪ። ጠዋት ውሃው የተኛ መሆኑም ይጠቅምሻል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ያነሣዋል።

አየሩም ወር አለው። ዝናቡ እንዳበቃ አየሩ ታጥቦ ዘጌ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ያኔ የአየሩ ድባብ አይረዳሽም፣ ርቀቱ በመደራረብና በጥላ መምጣት አለበት። በየካቲትና በመጋቢት አቧራና ጭስ ሲበዛ ንብሮቹ በራሳቸው ይለያያሉ፤ ጭጋጉም ወደ ፀሐይ ስትመለከቺ ይበረታል፣ ከፀሐይ ስትዞሪ ይሣሣል።

እዚህ ላይ ከባለ ትሪፖዱ ጋር አልስማማም። እንዲህ ባለ ቀን በቁመትሽ ልክ ቆመሽም ርቀት ይገኛል። ስልኩን 3 እጥፍ ላይ፣ ካኖኑን 55 ላይ አድርጊና የደንገል ሰቅ፣ ታንኳ፣ ዘጌ፣ ከዘጌ ኋላ ያለው ዳርቻ አንዱ ከአንዱ ኋላ በሚገቡበት ቦታ ቁሚ። መካከለኛው ውሃ ባይኖርም አራት የተለያየ ንጣት ያላቸው ንብሮች አሉሽ፤ ዓይን በእነሱ ይራመዳል።

ከዚያ በኋላ ግን «ዲሄዝ» የሚባለውን ማስተካከያ ሙሉ ፎቶው ላይ አትጎትቺው። እሱ የሚያጠፋው ያንኑ የአየር ንብር ነው፤ ዘጌን ያጠቁረውና ወደ ዳርቻው ያመጣዋል። ከፈለግሽ ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ በማስክ ቅርቡን ደንገል ብቻ ምረጪና ኮንትራስቱን ከ15 እስከ 20 ጨምሪ፤ ሩቁን አትንኪው። ስልኩ ራሱ ኤችዲአር (ጥቁሩንና ብሩሁን የሚያመጣጥን አሠራር) ሲያበዛ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል፤ ጥላውን ሁሉ ስለሚያበራ ቅርቡም ሩቁም አንድ ልክ ይሆናል። ማጥፊያው ካለው አጥፊው፤ ከሌለው ስታነሺ ኤክስፖዠሩን በትንሹ ዝቅ አድርጊ።

ባለ ትሪፖዱ፦

በዙሙ እስማማለሁ፤ እኔ የተናገርኩት ውሃው ራሱ ወለል ሆኖ እንዲታይ ሲፈለግ ነው። የጀምበር ጠባቂ ፎቶ ውሃውን ትቶ ንብሮቹን ነው የሚይዘው፤ ለዚያ ጭጋግ የግድ ነው። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) ያላችሁ ደግሞ ቅርቡ ውሃ ላይ ተጠቀሙበት። ወደ ውሃው 37 ዲግሪ ገደማ ቁልቁል ስታዩ ነጸብራቁን ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል፤ ሩቁ ላይ ሥራው ይደክማል። ስለዚህ ቅርቡ ጠቁሮ ሩቁ በርቶ ይቀራል፤ ይህ ራሱ ርቀት ነው። እስከ መጨረሻው አታዙሩት እንጂ። በሰፊ ሌንስ ሰማዩ ላይ አንድ ጎኑ የጠቆረ ንጣፍ ይጥላል።

ደንገል ብሩሽ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉም ግልጽ ነው። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ በብራና ላይ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል አሣሣል ሰዎች ከፊት፣ ጣና ከኋላ እንዲሆን የሚፈልግ ደንበኛ አለ። ሰዎቹ ተቀድደው የተለጠፉ ይመስላሉ። ሁለተኛ፣ ነጸብራቅ። መልክዓ ምድሩን ገልብጬ መሣል ይበቃል ወይ?

መቅደስ ቀለም፦

እኅታለም፣ የመጀመሪያው የብሩሽ ችግር አይደለም፤ ሁለት ሕግ አንድ ብራና ላይ ተገናኝቶ ነው።

በዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ተመልከቺ። ቅዱሳኑ ሁለት ዓይናቸው እንዲታይ ሆነው ወደ ተመልካቹ ዞረዋል፣ ክፉዎቹ በጎን ይታያሉ። የሰው መጠን በክብሩ ልክ ነው እንጂ በርቀቱ አይደለም። ከኋላ ያለው አንድ ወጥ ቀለም ነው፤ መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ የለም። ሕዝብ ሲበዛ ከፊት ያለው ረድፍ ሙሉ ሰውነት፣ ከኋላ ያለው ራስ ብቻ ሆኖ ይደራረባል። ርቀት የሚነገረው በዚህ በመደራረብና ከፍ ዝቅ በማድረግ ነው፤ ለሥራው ሙሉ በሙሉ የሚበቃ ቋንቋ ነው። ከላይ በሸራሽ ላይ በመስመር የተነገረሽ ግን ሌላ ሕግ ነው። በፍሎሬንስ ብሩኔሌስኪ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሳየው፣ አልበርቲ በ1435 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያስቀመጠው፣ ሁሉን ነገር ከአንድ ቆሞ ከሚያይ ዓይን የሚለካ። ሰዎቹን በአንዱ፣ ሐይቁን በሌላው ሠርተሽ ስታገናኚያቸው ስፌቱ ይታያል።

ለብራና የምመክርሽ ሐይቁን ወደ ሰዎቹ ሕግ ማምጣት ነው። ውሃውን በሁለት ሦስት ወጥ ቀለም አግድም ሰቅ አድርጊው። ደንገሉንም ታንኳውንም ሰዎቹን በከበብሽበት በዚያው ውፍረት ባለው ጥቁር መስመር ክበቢ። ጭጋግ የለም፣ የሚወድቅ ጥላ የለም። ሩቁን ታንኳ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው እንጂ ነጥብ እስኪሆን አታሳንሺው። ለስላሳ ሽግግር ካማረሽ የሰማዩን ክፍል ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ አሻግሪው፤ ይህ የሁለተኛው የጎንደር አሣሣል (የ18ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስልት) መለያ ነውና ከሰዎቹ ጋር አይጣላም። ብራና እርጥበት ሲጠጣ ስለሚኮማተር ውሃ የበዛበት ሥሥ ንብር አይመቸውም፤ ደፈን ያለ ወጥ ቀለም ነው የሚስማማው።

ሸራ ላይ ከሆነ ደግሞ ሰዎቹን ወደ ሐይቁ ማምጣት ይቻላል። በደቅ ደሴት ያለችውን፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን እይ፤ ፊቱና ልብሱ በጥላ ክብ ክብ ብሏል። ዓይኑንና አቋሙን እንዳለ ጠብቀሽ ብርሃኑን ከአንድ ወገን ብቻ አምጪ፤ በበራው በኩል የዙሪያውን መስመር አቅጥኚ፣ በጥላው በኩል አወፍሪ። እግራቸው መሬቱን በሚነካበት ጣት የማይሞላ ስፋት ያለው ጥቁር ጥላ አስገቢ፤ ሰውን መሬት ላይ የሚያቆመው እሱ ነው። ቁመታቸውንም ቀለም በጥባጭ በሰጠሽ የአድማስ መስመር ለኪ።

ቀለም በጥባጭ፦

ነጸብራቁን እኔ ልመልስ። ገልብጦ መሣል የሚበቃው ለሩቁ ዘጌና ውሃው ላይ ላለው ታንኳ ብቻ ነው። ነጸብራቅ ማለት ዓይንሽ ከውሃው በታች 2 ሜትር ላይ ሆኖ ወደ ላይ ቢመለከት የሚያየው ነው። ስለዚህ ከዳርቻው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የቆመ ዋርካ በነጸብራቁ ላይ የግንዱ ታች ይጎድለዋል። ዳርቻው 20 ሜትር ርቆ 1 ሜትር ከፍታ ቢኖረው፣ ዋርካው ደግሞ ከጠርዙ 5 ሜትር ገባ ቢል፣ ከግንዱ የታችኛው 75 ሳንቲ ሜትር አይታይም፤ የአፈሩ ጠርዝ ይጋርደዋል። ሙሉውን ገልብጠሽ ብትሥዪው ዛፉ ውሃ ውስጥ የበቀለ ይመስላል።

ወደ ቀኝ ያዘመመ መቅዘፊያ ነጸብራቁም ወደ ቀኝ ነው፤ ወደ አንቺ ያዘመመ ከሆነ ነጸብራቁ ከራሱ ይረዝማል። ጥቁር ነገር በውሃ ላይ ግማሽ ደረጃ ይበራል፣ ብሩህ ነገር ግማሽ ደረጃ ይጠቁራል። ውሃው ጥቂት ሲንቀሳቀስ ነጸብራቁ ወደ አንቺ ይረዝማል፣ በአግድም ሰረዝም ይቆራረጣል፤ ሰረዙ ዘጌ አጠገብ እንደ ክር ይቅጠን፣ ወደ ታች ሲመጣ ይስፋ። ከሰዓት በኋላ ማዕበል ያለበትን ሐይቅ ከሠራሽ ግን የዘጌን ነጸብራቅ ጨርሶ ተዪው፤ ከታንኳው ሥር ጠቆር ያለ ሰረዝ ብቻ ይበቃዋል።